የሙቀት ጌጁ ሲዋሽ፦ የፋብሪካውን ጌጅ ከውጭ ከተገጠመ የሞተር ኮምፒውተር ጋር ማስማማት

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ባለቤቴንና ልጃችንን ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ እየተጓዝኩ ነበር። የዓባይን በረሃ ወርደን ድልድዩን ተሻገርንና ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት ተያያዝነው። ከፊታችን ጭነት የከበደው ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል። መቅደም አይታሰብም፤ እኛም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተፈራረቅን ከኋላው ተከተልን። ጸሐዩ አናት ይበሳል። ዓይኔን ወደ ሙቀት ጌጁ ጣል ሳደርግ ጠቋሚው ቅዝቃዜን ከምታመለክተው ምልክት ትንሽ ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ወደ መሐል እንኳ አልደረሰም። «ይቺ ሞተር ሙቀት የሚባል አታውቅም» ብዬ ለባለቤቴ ተኩራራሁ።

አምስት ደቂቃ ያህል እንደተጓዝን ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተትጎለጎለ። ጠቋሚው ግን ያኔም የጌጁን ሲሶ ያህል ብቻ ተጉዞ ቆሟል። ጠርዝ ይዤ አቆምኩ። ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ወደ ራዲያተሩ ስሰድ ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር እየሮጠ መጥቶ «ወንድሜ፣ ክዳኑን እንዳትነካው! ፊትህን ይልጠዋል» ብሎ ጮኸብኝ። እግዜር ይስጠው። ሞተሩ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ጥላ በሌለበት ተቀመጥን፤ ልጄ የያዘችው ውኃ ለራዲያተሩ ሆነ። ደጀን የደረስነው ተጎትተን ነው። የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሎ፣ ቴስታታውም ተጣሞ ቶርኖ ቤት ገብቶ ወጣ። ወጪው የአንድ ወር ደመወዜን ጨርሶ ከሚቀጥለውም ቆነጠረ።

ይህን የማነሳው ወቀሳ ለማሰማት አይደለም። ያ ጌጅ አልተበላሸም ነበር። የሞተሩ ኮምፒውተርም አልተበላሸም ነበር። ሁለቱም ደህና ሆነው ሳለ ሁለቱም የተሳሳተ ነገር ነገሩኝ። ምክንያቱን ለማግኘት የፈጀብኝን ሦስት ሳምንት ሌላ ሰው እንዳይደግመው የተማርኩትን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

መኪናዬ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች፣ ካርቡራተር የነበራት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። የራሷ ሞተር ሲደክም 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለውን፣ በኋላ በመጡት ኮሮላዎች ላይ የምናውቀውን 1,600 ሲሲ ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ሞተሩ ሲመጣ የራሱ ኮምፒውተርና የሽቦ ዘለላ አብሮት አልመጣም። ሽቦው የተቆረጠው ከሥሩ ነው። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ከውጭ ባመጣልኝ፣ ለማንኛውም ሞተር እንዲሆን ተደርጎ በተሠራና በላፕቶፕ በሚስተካከል ኮምፒውተር ተካሁት።

እንዲህ ያለ ሥራ ድሮ የጥቂት ሰዎች ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። እጁ ላይ ያለችውን አሮጌ መኪና በሞተር ቅያሪ ዕድሜዋን ማራዘም የሚፈልግ ሰው ቢበዛ አይገርምም። ሞተሩ አንድ ዘመን፣ ዳሽቦርዱ ሌላ ዘመን፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሌላ አገር ይሆንና ሦስቱን የሚያግባባው ሰው ጋራዥ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪሻን ነው።

የእኔ መኪና ሞተሩ ከተገጠመላት በኋላ ሁለት ወር ያህል ሸጋ ሆና ሠራች። ጌጁ ብቻ ሞቶ ነበር፤ ሽቦው ከየትም አልተያያዘም። ይህንኑ ለጋራዡ ስናገር አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን «ጋሼ፣ ቀላል ነው» አለና የጌጁን ሽቦ ወስዶ የኮምፒውተሩ ሙቀት ሴንሰር ሽቦ ላይ ቀጠለው። «ሁለቱም የሚለኩት ያንኑ ውኃ አይደለም እንዴ?» አለኝ። አባባሉ ትክክል መሰለኝ። ቁልፉን ስከፍት ጠቋሚው ትንሽ ተነቃነቀ፤ እኔም ተደስቼ ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለቱ ሴንሰሮች ለምን አይጣጣሙም?

ሁለቱም ሴንሰሮች በውስጣቸው ያለው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ቅንጣት። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

የፋብሪካው ጌጅ አሠራሩ ጥንታዊ ነው። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጌጁ ውስጥ አልፎ፣ በአንዲት ሽቦ ወደ ሴንሰሩ ወርዶ፣ በሴንሰሩ ብረት አካል በኩል ሞተሩ ላይ ግራውንድ ያደርጋል። ሴንሰሩ ሲሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ብዙ ሲያልፍ ጠቋሚው ወደ ላይ ይሄዳል። ጌጁ ስለ ሙቀት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው በውስጡ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዳለፈ ብቻ ነው። ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ጠንከር ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ሴንሰሩ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል። የዚያ ዘመን የቶዮታ ጌጅ ሴንሰር በ50 ዲግሪ 226 ኦም ገደማ፣ በ115 ዲግሪ ደግሞ 26 ኦም ገደማ ነው።

ኮምፒውተሩ ጠባዩ ሌላ ነው። 5 ቮልት በውስጡ ባለ ቋሚ ሬዚስተር (ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,500 ኦም) በኩል ወደ ሴንሰሩ ይልክና በመሐል የሚቀረውን ቮልቴጅ ያነብባል። ማንበብ እንጂ መግፋት ስለማይፈልግ ሴንሰሩ ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ነው። የቶዮታው በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። የእኔው በ80 ዲግሪ 320 ኦም ገደማ ነው። የኮምፒውተሩ ቋሚ ሬዚስተር 2,490 ኦም ቢሆን በ80 ዲግሪ የሚነበበው ቮልቴጅ ከ0.6 በታች ነው። ሽቦው ሁለት የሆነውም በምክንያት ነው፤ መመለሻው በሞተሩ አካል በኩል ቢሆን መብራት ወይም ቬንትሌተር በተነሣ ቁጥር ግራውንዱ ላይ የሚፈጠረው ትንሽ የቮልቴጅ መዋዠቅ ንባቡን ያዛባዋል። ስለሆነም የሴንሰሩ መመለሻ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ለሴንሰር ተብሎ የተለየው ግራውንድ ላይ መግባት ይኖርበታል።

አሁን ሁለቱን ያያያዘው ልጅ ምን እንዳደረገ እንመልከት። ሞተሩ በ90 ዲግሪ ደህና እየሠራ የኮምፒውተሩ ሴንሰር 240 ኦም ገደማ ነው። ጌጁ ግን 240 ኦምን የሚተረጉመው በራሱ ሴንሰር ቋንቋ ነው፤ በእሱ ቋንቋ ይህ 50 ዲግሪ እንኳ ያልሞላ፣ ገና ያልሞቀ ሞተር ነው። ሞተሩ 115 ዲግሪ ደርሶ ውኃው ሲንተከተክ ሴንሰሩ ወደ 130 ኦም ይወርዳል፤ ጌጁም «65 ዲግሪ» ብሎ ያነባል። ዓባይ ዳገት ላይ ጠቋሚው ሲሶ ላይ የቆመው ለዚህ ነው።

በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ጉዳት ይበልጥ የተደበቀ ነበር። በጌጁ በኩል የመጣው 12 ቮልት የሴንሰሩን መስመር ከ5 ቮልት በላይ ገፋው። ኮምፒውተሩ መግቢያው ላይ መከላከያ ስለነበረው አልተቃጠለም፤ ይህ ዕድል ነው እንጂ ደንብ አይደለም። ከ5 ቮልት በላይ ሲያይ ግን «ሴንሰሩ ተበጥሷል» ብሎ ደመደመ። አምራቾቹ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ተብሎ ያስቀመጡለት መላ አለው፤ መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳትቀር የራሱን ቁጥር ይወስዳል። የእኔው የወሰደው 80 ዲግሪ ነበር። ሞተሩም በ80 ዲግሪ ሒሳብ ነዳጅ እየተሰጠው ያለ ችግር ይሠራል።

ችግሩ ቬንትሌተሩ ነው። ቬንትሌተሩን የሚያስነሳው ኮምፒውተሩ ነው፤ 95 ዲግሪ ሲደርስ አስነሣ ተብሏል። ለኮምፒውተሩ ግን ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ 80 ዲግሪ ነው። በከተማም ሆነ በአውራ ጎዳና ስንሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርደው ነበርና አልታወቀኝም። ከተሳቢ ኋላ በእግር ጉዞ ፍጥነት ስንወጣ ግን ነፋስ የለም፤ ቬንትሌተሩም አልተነሣም።

ምልክት አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ሽቦው ከተያያዘ ወዲህ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አስቸጋሪ ሆና ነበር። በጥር ብርድ ሦስት አራት ጊዜ ካልተሞከረ አትነሣም። እኔ ባትሪውን ጠረጠርኩ። ነገሩ የተገለጠልኝ ቴስታታው ተሠርቶ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ፣ አንድ ጠዋት ላፕቶፑን ሰክቼ ሳየው ነው። ሌሊቱን ውጭ ያደረ፣ ጤዛ ያረፈበት ሞተር «80 ዲግሪ» ይላል! ቁርሴን ትቼ የጌጁን ሽቦ ከመጋጠሚያው ነቀልኩት። ቁጥሩ ወዲያው 11 ላይ ወረደ።

የመጀመሪያው መፍትሔ፦ ለየራሳቸው ሴንሰር

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ርካሹም ይኸው ነው። ጌጁ ከራሱ ዘመን ሴንሰር ጋር፣ ኮምፒውተሩም ከራሱ ጋር ይሁን።

4ኤ-ኤፍኢ ላይ ፋብሪካው ለሁለቱም ቦታ አስቀምጧል። ባለ አንድ ሽቦው የጌጁ፣ ባለ ሁለት ሽቦው የኮምፒውተሩ ነው። በእኔ ሞተር ላይ የጌጁ ሴንሰር ወልቆ ቀዳዳው በብሎን ተደፍኖ ነበር፤ ወጣቱ ኤሌክትሪሻን አቋራጭ የፈለገውም ስላጣው ነው። ሴንሰሩን ስትገዙ የሚታየው ከዳሽቦርዱ ጋር መስማማቱ ነው እንጂ ከሞተሩ ጋር መስማማቱ አይደለም። ጥርሱ ከሞተሩ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ቶርኖ ቤት አጋጣሚ ቁራጭ ይሠራል፤ ሬዚስታንሱ ከጌጁ ጋር ካልገጠመ ግን የሚያስተካክለው ቶርኖ የለም።

ጌጁ ራሱ ጤነኛ መሆኑን መጀመሪያ ማረጋገጥ ይገባል። ቁልፉን ከፍታችሁ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉት፤ ጠቋሚው ቅዝቃዜው ላይ መተኛት አለበት። ከዚያ ሽቦውን በትንሽ አምፖል በኩል ግራውንድ አድርጉት፤ የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለዚህ የሚያዘው 3.4 ዋት አምፖል ነው። ጠቋሚው ወደ ሙቀቱ በኩል መሄድ ይኖርበታል። ያለ አምፖል በቀጥታ ማገናኘት የለመዱ አሉ፤ ጌጁ አሮጌ ከሆነ ግን ባይሞክሩት ይመረጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ግራውንድ የሚያደርገው በጥርሱ በኩል ነው። ውኃ እንዳያፈስ ተብሎ በነጭ ቴፕ ሲጠቀለል ጥርሱ ከሞተሩ ይለያል፤ ጌጁም ዝቅ አድርጎ ያነባል። ዝቅ አድርጎ የሚያነብ የሙቀት ጌጅ ደግሞ ከሞተ ጌጅ የባሰ ነው። ቴፕ የግድ ካስፈለገ አንድ ዙር ይበቃል፤ ከዚያም ከሴንሰሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ያለው ሬዚስታንስ ከዜሮ ብዙም አለመራቁን በመልቲሜትር ማየት ነው።

ሁለተኛ ቀዳዳ የሌለው ሞተር ላይ የሚሠራው ነገር በላይኛው የራዲያተር ቱቦ መሐል የሚገባ፣ ጎኑ ላይ የሴንሰር ቀዳዳ ያለው የነሐስ ቧንቧ ነው። ቶርኖ ቤት በግማሽ ቀን ይሠሩታል። ቱቦው ጎማ ስለሆነ ግን ነሐሱ ከሞተሩ ተነጥሏል፤ የራሱን የግራውንድ ሽቦ ካላበጃችሁለት ጌጁ አይሠራም። ሌላም እንከን አለው። ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ በዚያ ቱቦ ውኃ ስለማያልፍ ጌጁ ዘግይቶ ነው የሚነሣው። ውኃው ፈስሶ ቱቦው ባዶ ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና ሞተሩ እየነደደ ጠቋሚው ሊወርድ ይችላል። በድንገት የወረደ ጠቋሚ ሲታይ መቆም እንጂ መደሰት አይገባም።

በድስት ውኃ መለካት፣ ግን አዲስ አበባ ላይ

አዲስ የገዛሁትን የጌጅ ሴንሰርና የኮምፒውተሩን ሴንሰር ማብሰያ ቤት ውስጥ ለካኋቸው። ባለቤቴ ድስቷ በዘይት እንዳይበከል ስትጠብቅ፣ ልጄ ደግሞ ቁጥሩን እየጻፈችልኝ። የምታስፈልገው አንዲት መልቲሜትር፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ በረዶና ውኃ ነው። የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር የሴንሰሩን ጠባይ ለማወቅ ሦስት ነጥብ ይጠይቃል፤ ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለና የሞቀ።

የተፈጨ በረዶና ውኃ ሲደባለቅ 0 ዲግሪ ነው፤ ይህ አዲስ አበባም ሆነ አሰብ አይለወጥም። የእኔ ሴንሰር እዚህ ላይ 5,900 ኦም ገደማ አሳየ። ለብ ባለው ውኃ ቴርሞሜትሩን አምኜ ጻፍኩ። የሚፈላው ውኃ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመመሪያው ወረቀት «የፈላ ውኃ፣ 100 ዲግሪ» ይላል። ያ ወረቀት የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ቢንተከተክም ክዳኑ እስካልተጠረቀመ ድረስ ከዚያ አያልፍም። ሽሮ ቆላ ላይ ቶሎ የምትበስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በፈላው ውኃ ውስጥ ሴንሰሬ 231 ኦም አሳየ። ይህን «100 ዲግሪ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ስምንት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ሞተር በጤናው 88 ዲግሪ ላይ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ 96 ብሎ ካነበበው ቬንትሌተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አይቆምም። ሞተሩም የሌለ ሙቀት አለበት ተብሎ ቴርሞስታት ሲቀየር፣ ራዲያተር ሲታጠብ ገንዘብ ያልቃል። የጌጁ ሴንሰር በዚያው ውኃ ውስጥ 52 ኦም አሳየ፤ ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ይገጥማል።

ስለ ከፍታ ካነሣን የራዲያተር ክዳኑን ጉዳይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ካለ ውኃውን በዚያ መጠን ተጨማሪ ግፊት አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ግፊት ንጹሕ ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ114 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን በ118 ነበር። ሞተሩ ውስጥ ከቧንቧ ውኃ ይልቅ ተገቢው የኩላንት ድብልቅ ካለ ጥቂት ዲግሪዎች ይጨመሩበታል። የክዳኑ ስፕሪንግ ደክሞ ግፊት መያዝ ካቆመ ግን ውኃው እንደ ድስቱ ሁሉ በ92 ዲግሪ ይፈላል። 92 ዲግሪ ደግሞ በየትኛውም የፋብሪካ ጌጅ ላይ ደህና ቦታ ነው። ጌጁ በትክክል እየሠራ፣ ጠቋሚው መሐል እያለ ራዲያተሩ ሲንተከተክ ያየ ሰው ጌጁን ከመውቀሱ በፊት ክዳኑን ይቀይር።

ሁለተኛው መፍትሔ፦ ኮምፒውተሩ ጌጁን ያንቀሳቅስ

አንዳንድ ጊዜ ሁለተኛ ሴንሰር የሚገባበት ቦታ ከነጭራሹ አይኖርም፤ ወይም ባለቤቱ ቱቦ መቁረጥ አይፈልግም። እንዲህ ሲሆን ሙቀቱን ኮምፒውተሩ ብቻ ይለካና ጌጁን እሱ ያንቀሳቅሰዋል። አብዛኞቹ እንደዚህ ያሉ ኮምፒውተሮች ሥራ ፈት መውጫዎች አሏቸው። መውጫው በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየበራና እየጠፋ፣ የበራበትን ጊዜ በመቶኛ በማብዛትና በማሳነስ በጌጁ የሚያልፈውን አማካይ ኤሌክትሪክ ይቆጣጠራል። ፒደብሊውኤም የሚሉት ይህን ነው። በአሮጌ መኪኖች ያለው፣ ጠቋሚው በሚሞቅ ባለ ሁለት ብረት ቁራጭ የሚንቀሳቀሰው ጌጅ ለዚህ በጣም ይመቻል፤ በተፈጥሮው ዘገምተኛ ስለሆነ መብራት መጥፋቱን ሳይሆን አማካዩን ብቻ ነው የሚያየው። ድግግሞሹ በሰከንድ 100 ጊዜ አካባቢ ቢሆን ይበቃዋል።

የአንድ ወዳጄን መኪና በዚህ መንገድ ሠርተናል። ከጌጁ ሽቦና ከኮምፒውተሩ መውጫ መሐል 22 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አስገባን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መውጫው መቶ በመቶ ቢበራ ጌጁ የሚያየው ሬዚስታንስ የራሱ ሴንሰር በጣም ሲሞቅ ከሚኖረው ብዙም እንዳያንስ ነው። መውጫው ያን ያህል ኤሌክትሪክ መሸከሙን ከመመሪያው አረጋገጥን፤ የማይችል ቢሆን በመሐሉ ትራንዚስተር ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ሞተሩን ሳናስነሣ፣ ቁልፉን ብቻ ከፍተን፣ በላፕቶፑ መውጫውን ከ10 በመቶ ጀምረን በአሥር በአሥር እየጨመርን ጠቋሚው የሚቆምበትን ቦታ ጻፍን። በየእርከኑ ሦስት ደቂቃ መታገሥ ያሻል፤ ጌጁ ዘገምተኛ ነው ብያለሁ። በመጨረሻም ሠንጠረዡን ሞላን፤ 50 ዲግሪ ላይ ጠቋሚው ከሥር፣ 88 ላይ ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 105 ላይ ወደ ቀዩ ተጠግቶ፣ 112 ላይ ቀዩ ውስጥ። ከፋብሪካው ጌጅ የሚሻልበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ አምራቾቹ ሹፌሩ እንዳይጨነቅ ብለው ጠቋሚው በሰፊ የሙቀት ክልል መሐል ላይ ተገትሮ እንዲቆም አድርገዋል። ሠንጠረዡን ራሳችሁ ስትሞሉት ያንን ማስታገሻ መተው ትችላላችሁ።

እኔ ግን ለራሴ መኪና ይህን አልመረጥኩም። ሴንሰሩ አንድ ከሆነ ምስክሩም አንድ ነው። ሴንሰሩ ሲሳሳት ኮምፒውተሩም ጌጁም አብረው ይሳሳታሉ፤ ዓባይ ዳገት ላይ የደረሰብኝ ይኸው ነበር። ይህን መንገድ የግድ የሚከተል ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ያድርግ፤ ኮምፒውተሩ ሴንሰሩ መበጠሱን ሲያውቅ መውጫው መቶ በመቶ እንዲበራ፣ ማለትም ጠቋሚው ቀዩ ላይ እንዲወጣ፣ ቬንትሌተሩም እንዲነሣ ይዘዘው። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይህ ምርጫ ነበረ፤ የገጠመው ሰው ሳይነካው ነው ያለፈው፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ቬንትሌተሩ

ከዚህ ሁሉ ያስቆጨኝ አሮጌው የቬንትሌተር ማብሪያ ነው። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ውኃው ውስጥ የሚገባ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ ከ83 ዲግሪ በታች ተገናኝታ ትቆይና ከ93 ዲግሪ በላይ ትለያያለች። ስትለያይ ቬንትሌተሩ ይነሣል። የተገላቢጦሽ ይመስላል። ግን አስቡት፤ ሽቦዋ ቢበጠስ፣ መሰኪያዋ ቢወልቅ፣ አይጥ ቢበላው ቬንትሌተሩ ይነሣና አይቆምም። ጃፓኖቹ ብልሽቱ ሞተሩን በማብረድ በኩል እንዲሆን አስልተውታል። እኛ «አሁን ኮምፒውተር አለ» ብለን አውልቀን ጣልናት።

ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝቼ ከነሪሌዋ መልሼ ገጠምኳት። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ያስነሣል፣ እሷም በበኩሏ ታስነሣለች፤ አንዱ ቢተኛ ሌላው አለ። የጌጁ ሴንሰር ለብቻው፣ የኮምፒውተሩ ለብቻው ሆኗል። ላፕቶፑን በሰካሁ ቁጥር ሞተሩን ሳላስነሣ የማየው የመጀመሪያ ቁጥር የውኃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት ነው። ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ ሁለቱ በሁለትና በሦስት ዲግሪ ካልተቀራረቡ ከግቢ አልወጣም።

በዓመቱ ለጥምቀት በዚያው መንገድ ስንመለስ ሌላ ተሳቢ ከፊታችን ገጠመን። ዳገቱ መሐል ላይ ጠቋሚው ከመሐል ትንሽ አለፍ አለ፤ ቬንትሌተሩ ሲነሣ ድምፁ ካቢኑ ውስጥ ተሰማ፤ ጠቋሚውም ቀስ ብሎ ተመለሰ። ባለቤቴ ከጌጁ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «አሁንስ እውነቱን ነው?» አለችኝ። ደጀን ደርሰን ሻይ ስንጠጣ የኮፈኑን ሥር በእጄ ዳስሼ፣ ላፕቶፑንም ሰክቼ አሳየኋት፤ 91 ይላል።